አስር ድረስ

ራውዳ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው፣
የሳቢያንን ቆርቆሮ ሙቀት ሲያንጣጣው።
አንድ ሰዓት ትቀመጣለች ከያፌት ጋር፣ ምንጣፉ ላይ፣
እኔ በበር ስንጥቅ ትንፋሼን ውጬ ሳይ።
እማ «ባለሙያ ሲሠራ ዝም ነው» ትላለች፣
አባ ምድር ባቡር ጋራዥ ይሄዳል፣
ብየዳ ሳይኖር ብየዳ ፍለጋ።
የኔ ካርድ፣ አንደኛ የወጣሁበት፣
ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቀን ተኝቶ
የውሃ ብርጭቆ ይቀመጥበታል።

አንድ ሐሙስ ራውዳ በሩን ከፈተች፣
«ሳምንት ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች።
አባ በጣቱ ደመረ፤ «መቶ ስድሳ ስምንት።»
«የኔ አንዷ ናት። የቀረው የማነው?
ግቡ፤ ይበቃል ምንጣፉ ለአምስት።»

የመጀመሪያው ትምህርት መጠበቅ ነበር።
ቀዝቃዛ ውሃ በእጅሽ ይዘሽ፣
ላብ ባንገቱ ሲወርድ እያየሽ፣
አስር ድረስ ቁጠሪ፣ በልብሽ።
ጣቱ ይምጣ፣ ዓይኑ ይምጣ፣ ድምፁ ይምጣ፣
ከሦስቱ አንዱ ይበቃል፤ ከዚያ ይጠጣ።

እማ አራት ላይ ተሸነፈች።
«በድሬ ፀሐይ ለልጄ ውሃ ልንፈግ?» ብላ አለቀሰች።
በማግስቱ ስድስት ደረሰች።
አባ ሲቆጥር ድምፁ ይሰማል፤
ሠላሳ ዓመት ብረት በመዶሻ ያናገረ ሰው፣
ዝም ማለት ከብረት ይከብደዋል።

ለኔ የደረሰኝ ቆርኪ ነው።
ያፌት ቆርኪ ይለቅማል፣ ከደቻቱ አሸዋ፣ ከሱቁ ደጃፍ፣
ይደረድረዋል ከግድግዳው ጥግ እስከ በሩ አፍ፣
እንደ ባቡር ፉርጎ፣ አንድም ሳይዛነፍ።
«አንድ ጨምሪ» አለች ራውዳ። «አንድ ብቻ። ምንም አትናገሪ።»

ጨመርኩ።
አንስቶ ወረወረው።
በማግስቱ ጨመርኩ። ወረወረው።
ባሥራ አንደኛው ቀን ግንባሬን መታኝ፣
«እህቱ ነኝ እንጂ ሐኪሙ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ሌሊት፣ ከሙቀቱ ሸሽተን ደጅ በዘረጋነው አልጋ፣
አባ መጥቶ ተቀመጠ ከጎኔ።
ካርዴን ይዟል፣ የብርጭቆው ክብ ታትሞበት።
«ሒሳብ፣ ዘጠና ስምንት» አለ።
መልሶ አነበበው።
ሌላ ቃል ፈለገ፣ አጣ፤
እኔም አስር ድረስ ቆጠርኩለት።

ባሥራ ዘጠነኛው ቀን ቆርኪዬን ተወው፣
ከነመዛነፉ።
በሃያ አንደኛው አንዱን አነሳና
መዳፌ ውስጥ አኖረ፣ ፊቱን አዙሮ።
ተራዬ ነበር።

የቀረው ቃል ነው።
ግቢያችን ደግሞ ቃል አያጣም፤
አዴ ሰዓዳ «ቢሻን» ትላለች፣ ሆደን «ቢዮ»፣ እኛ «ውሃ»።
እማ ልጁን ያደናገረው የቋንቋው ብዛት መስሏት
ለመነች በየበሩ፤ «ለሱ ብቻ፣ እባካችሁ፣ ውሃ በሉት።»
አሉት። የሱቁ ልጅ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣
ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፤
ደቻቱ ደርቆ ሳለ ግቢው ወንዝ ሆነ።

ትናንት ማክሰኞ፣ ራውዳ በሌለችበት፣
መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት፣
ብርጭቆው እማ እጅ ላይ፤
እሷ በልቧ፣ እኔ በጣቴ፣ አባ በከንፈሩ፣
ሰባት፣
ስምንት፣
ያፌት ብርጭቆውን አየ። እማን አየ።
«ቢሻን» አለ።

ያላስተማርነው ቃል፣
እንዳይሰማው ደጅ የጠናንበት።

አዴ ሰዓዳ ካጥሩ ማዶ እልል ልትል አፏን ስትከፍት
እማ በእጇ ዝም አሰኘቻት፤ ጩኸት አይወድም።
ምስኪን፣ እልልታውን አፏ ውስጥ ይዛ
እንደ ትኩስ ሳምቡሳ አገላበጠችው።

ጠጣ። ግማሹን አስተረፈ።
እማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፣
እኔ ለራውዳ ልደውል ስልክ እፈልጋለሁ፣
አባ ግን፣
ማቆም ረስቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት...»